የኬንሺን ግራ እግር፦ አማካኬሩ ሪዩ ኖ ሂራሜኪ ፍልሚያ ላይ እንዴት ነው የሚሰራው?

ሩሮኒ ኬንሺን በሚባለው ማንጋ (የጃፓን የስዕል ታሪክ) ውስጥ ስላለው ባለ ጎራዴ፣ ስለ ኬንሺን የመጨረሻ ምት ወሬ ከተነሳ ሰው ወዲያው ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን "በቃ በጣም ፈጣን አመዛዘዝ ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም" ይላል፣ ሌላው ደግሞ "ኧረ ዋናው ቫክዩሙ ነው፣ ምቱ አየሩን ገፍቶ የሚተወው ባዶ ቦታ፣ ባላጋራውን ጎትቶ የሚያመጣው እሱ ነው እኮ" ብሎ ይሟገታል፣ እና ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ጎራዴው ነው፣ ስለ እጁ ነው፣ ስለ ፍጥነቱ ነው። እኔ ግን ማንጋውን ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ ታች ነው፣ ወደ እግሩ። ግራ እግሩ ካልገባን ይሄ ምት ለምን እንደሚሰራም፣ የቱ ጋ እንደሚጋለጥም፣ ቫክዩም የሚባለው ነገር ታሪኩ ውስጥ ለምን እንደገባም አይገባንም ባይ ነኝ። ስለዚህ ከስር እንጀምር። ማንጋውን ላላነበበ ሰው ግን አስቀድሜ ልናገር፣ ማን ከማን ተፋልሞ ማን እንዳሸነፈ እየጠራሁ ነው የምሄደው።

መነሻውን ባጭሩ። ማንጋው በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 ወጥቶ በ28 ቅጽ ነው የተጠናቀቀው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1878 ጃፓን ውስጥ ነው፣ ማለትም የሳሙራይ ዘመን አክትሞ፣ ሰው ጎራዴ ታጥቆ እንዳይዞር የሚከለክለው አዋጅ በ1876 ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ። ኬንሺን በመንግስት ለውጡ ጦርነት ጊዜ ሂቶኪሪ የነበረ ሰው ነው፣ ተልኮ የሚገድል ማለት ነው፣ አሁን ግን ዳግም ላይገድል ምሎ ሳካባቶ ታጥቆ ይንከራተታል። ሳካባቶ ስለቱ የተገለበጠ ጎራዴ ነው፤ ጎበጥ ያለው የውጪው ጎን፣ ሌላ ጎራዴ ላይ ስለት የሚሆነው፣ እሱ ጋ ደነዝ ነው፣ ስለቱ ያለው በውስጠኛው ጎን ወደ ባለቤቱ ዞሮ ነው። የተማረው የጎራዴ ጥበብ ሂተን ሚትሱሩጊ ሪዩ ይባላል፣ የዚህ ጥበብ የመጨረሻ ምስጢር ደግሞ አማካኬሩ ሪዩ ኖ ሂራሜኪ፣ ወደኛ ስናመጣው "ሰማይ ላይ የሚከንፍ ዘንዶ ብልጭታ" እንደማለት። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ አማካኬሩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

አማካኬሩ በመሰረቱ ባቶጁትሱ ነው። ባቶጁትሱ ደግሞ ለማንጋ ተብሎ የተፈጠረ ነገር አይደለም፣ ዛሬ በብዛት ኢያይ በሚለው ስም የሚታወቀው ትክክለኛ የጃፓን የጎራዴ ትምህርት ነው፣ ብዙዎቹ የትምህርቱ ዘሮች መነሻቸውን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረው ከሃያሺዛኪ ጂንሱኬ ይቆጥራሉ። ሀሳቡ ቀላል ነው፦ ጎራዴን መምዘዝና መምታት ሁለት ስራ መሆኑ ቀርቶ አንድ ስራ ይሁን። ከአፎት አውጥተህ፣ አንስተህ፣ ከዛ ከመምታት ይልቅ የአፎቱ አፍ ራሱ የምቱ መነሻ ይሆናል። ጎራዴው አፎት ውስጥ እያለ ባላጋራህ ርዝመቱን አያይም፣ ስለቱ በየት አቅጣጫ እንደሚመጣም በእርግጠኝነት አያውቅም፣ ሲያውቅ ደግሞ ደርሷል።

እንዴት እንደሚሰራ ጠጋ ብለን እንየው ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው የሚወለደው። ጎራዴው በግራ ወገብ፣ በመቀነቱ ውስጥ፣ ስለቱ ወደ ሰማይ ሆኖ ይቀመጣል። የብረቱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ክብደቱ ከ1 ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። ግራ እጅ አፎቱን አፉ ጋ ይይዛል፣ አውራ ጣት የእጀታውን መከታ ክብ ብረት ቀስ አድርጎ ወደፊት ይገፋዋል፣ አፎቱ ላይ ጥብቅ ብሎ የነበረው ጎራዴ ጥቂት ብቅ ይልና ይላላል። ቀኝ እጅ እጀታውን ይይዛል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ብዙ ሰው የማያየው፦ ቀኝ እጅ ጎራዴውን ወደፊት ሲስብ ግራ እጅ ደግሞ አፎቱን ወደ ኋላ ይስበዋል፣ ግራ ዳሌም አብሮ ወደ ኋላ ይዞራል። ማለትም ጎራዴው ከአፎቱ ይወጣል ብቻ ሳይሆን አፎቱም ከጎራዴው ላይ ይሸሻል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቀኝ እጅ ብቻ የሮጠ ይመስለዋል፣ ግማሹን ስራ የሰራው ግን ግራ እጅ ነው።

አሁን እግር። በኢያይ አብዛኛው የመጀመሪያ ምት ቀኝ እግር ወደፊት ተረግጦ ነው የሚመታው፣ ምክንያቱም ቀኝ እግር ወደፊት ሲሄድ ቀኝ ትከሻ አብሮ ይሄዳል፣ ግራ ዳሌ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አፎቱ ወደ ኋላ ለመሸሽ ቦታ ያገኛል፣ ግራ ጭንም ከመንገድ ይወጣል። ይሄን በወሬ ከምነግራችሁ ረዘም ያለ ዣንጥላ ያዙና ግራ ወገባችሁ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። ቀኝ እግር አስቀድማችሁ መዛችሁ ወደ ቀኝ ስትወነጭፉት ነጻ ሆኖ ይሄዳል። ከዛ ግራ እግር አስቀድማችሁ በዛው ፍጥነት ሞክሩ፣ የዣንጥላው ጫፍ ከወገባችሁ ሲላቀቅ ከፊቱ የሚያገኘው የራሳችሁን ጭንና ጉልበት ነው፣ ዳሌያችሁም ወደፊት ስለመጣ ግራ እጃችሁ ወደ ኋላ የሚስብበት ቦታ ያጥረዋል። ዣንጥላ ስለሆነ ነው፤ የተሳለ ብረት ቢሆን ኖሮ እግራችሁ ላይ ነበር የሚያልፈው።

አማካኬሩ ማለት እንግዲህ ይሄንኑ የተከለከለ ነገር ማድረግ ነው። ኬንሺን ቀኝ እግሩን አስቀድሞ ይነሳል፣ ጎራዴው ሊወጣ ሲል ግን ግራ እግሩን ጨምሮ ወደፊት ይረግጣል። ከውጪ ሲታይ አንድ ትርፍ እርምጃ ናት፣ ሌላ ምንም አይደለችም። ግን አስቡት፣ እርምጃዋ ቀድማ ከመጣች ጎራዴው እግሩን ያገኘዋል፣ ዘግይታ ከመጣች ደግሞ የጨመረችው ኃይል የሚደርሰው ምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጫፉ ጭኑን አልፎ ባላጋራው ጋ እስኪደርስ ባለው ቅጽበት ውስጥ ብቻ ነው ጥቅም ያላት። ኬንሺን ላይ ያለው ጭንቀት "ፈጣን መሆን" ብቻ የሚመስለው ሰው ይሄን ነው የሚስተው፤ በዚያ ቅጽበት ውስጥ ላፍታ ያመነታ እጅ ከእግር ወደ ኋላ ይቀራል፣ እጅ ወደ ኋላ ከቀረ እግር ይሄዳል።

እዚህ ጋ አንድ ጥሩ መከራከሪያ አለ፣ ሳልመልሰው ባልፍ ደስ አይለኝም። "ኬንሺን የያዘው ሳካባቶ ነው፣ ወደፊት የሚመጣው ጎኑ ደነዝ ነው፣ ታዲያ እግሩ እንዴት ይቆረጣል?" ይላሉ። ልክ ነው፣ አይቆረጥም። ግን አንደኛ ይሄ ምት ሳካባቶ ከመኖሩ በፊት ከመምህር ወደ ተማሪ በእውነተኛ ስለት ሲተላለፍ የኖረ ነው፣ ስጋቱ የተጻፈው ለዛ ነው። ሁለተኛ ከ1 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በዛ ፍጥነት የራስህን ጉልበት ቢመታው አጥንት ይሰብራል፣ ያ እንኳ ባይሆን ምቱ እዛው ይቆማል፣ የቆመ ምት ደግሞ ፊት ለፊትህ ሊገድልህ ለመጣ ሰው ስጦታ ነው። ስለዚህ ሳካባቶው አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

መምህሩ ሂኮ ሴይጁሮ ይሄን ምት የሚያስተምርበት መንገድ ለብቻው ቢወራ ደስ ይለኝ ነበር። ሂኮ ኩዙሪዩሰን የሚባለውን ምት ነው የሚሰነዝርበት፣ በአንድ ግስጋሴ ዘጠኙንም የመምቻ ቦታዎች በአንዴ የሚመታ ነገር፣ አንዱን ብትመክት ስምንቱ ይቀራሉ፣ ሰውየው በራሱ እየገሰገሰ ስለሚመጣ ሸሽተህም አታመልጥም። መውጫው አንድ ብቻ ነው፣ ዘጠኙ ከመድረሳቸው በፊት ቀድመህ መድረስ። ኬንሺን መጀመሪያ ላይ የሚጎድለው ፍጥነት አይደለም። የራሱን ህይወት እንደ ርካሽ ነገር ነው የሚቆጥረው፣ ሞቼ ላሸንፍ የሚል ሰው ነው፣ ሂኮ የሚጠብቅበት ደግሞ በሞትና በህይወት መሀል ቆሞ መኖር የሚፈልግ ሰው እንዲሆን ነው። ይሄ ለብዙ ሰው የማንጋ ስብከት ይመስለዋል፣ እኔ ግን ከእግሩ ጋር አያይዤ ሳየው ቴክኒካል ነገር ነው። ለመሞት የተዘጋጀ ሰው ቆሞ ነው የሚመታው፣ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አይጨነቅም። መኖር የሚፈልግ ሰው ግን ከምቱ በኋላ ያለው ሰከንድም ይታየዋል፣ እና አሁን የምመጣበት ነገር እሱ ነው፣ ግራ እግር ዋናውን ስራ የሚሰራው ከመጀመሪያው ምት በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ምት ላይ የግራ እግር ጥቅም ለማስረዳት አይከብድም። የጎራዴው ጫፍ ፍጥነት የእጅ፣ የትከሻ፣ የዳሌና የመላው አካል ፍጥነት ተደማምሮ ነው፣ አካሉ በዛ ቅጽበት ወደፊት እየሄደ ከሆነ እሱም ይደመራል፣ ርቀቱም በአንድ እርምጃ ያጥራል። ሁለተኛው ጥቅም ለእኔ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ባላጋራህ ርቀትህን የለካው በቀኝ እግርህ ነው። ባቶጁትሱ የሚያውቅ ሰው ቀኝ እግር ሲያርፍ "ምቱ እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው" ብሎ ያሰላል፣ ከዛ ግማሽ ጫማ ወደ ኋላ ካለ ድኗል። ግራ እግር ሲጨመር ያ ስሌት ይፈርሳል።

ሶጂሮን ተመልከቱ። ከኬንሺን ባላጋራዎች አንዱ የሆነው ሴታ ሶጂሮ ከኬንሺን ይፈጥናል፣ ይሄ ክርክር የለውም፣ ሹኩቺ የሚባለው አሯሯጡ ዓይን አይከተለውም። መጀመሪያ የተገናኙ ጊዜ ሺንጌትሱ መንደር ውስጥ ሁለቱም ባቶጁትሱ ሰንዝረው የኬንሺን ሳካባቶ ተሰበረ፣ የሶጂሮም ጎራዴ ከጥቅም ውጪ ሆነ። ሁለተኛ ሲገናኙ ሶጂሮ ሹኩቺን ከባቶጁትሱ ጋር ያዋሀደውን ሹንተንሳትሱን ይዞ መጣ፣ ኬንሺን በአማካኬሩ መለሰ፣ ሶጂሮ ተሸነፈ። "የፈጠነው ለምን ተሸነፈ?" የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። ግማሹ መልስ ልቡ ነው፣ ሶጂሮ በዛ ሰዓት ውስጡ ተረባብሾ ስለነበር ለወትሮው የሚደብቀውን ስሜት መደበቅ አቅቶት ነበር። ሌላው ግማሽ ግን እግር ነው። ሶጂሮ ፍጥነቱን ያመጣው ከሩቅ እየሮጠ ነው፣ ስለዚህ በየት መስመር እንደሚመጣ ተወስኗል። ኬንሺን መሮጥ አላስፈለገውም፣ የሚያስፈልገው ሶጂሮ ክልሉ ውስጥ በሚገባበት ቅጽበት ከሱ መቅደም ብቻ ነው፣ ያቺን ቅጽበት የሰጠችው ያቺ እርምጃ ናት። በሩጫ ፈጣን መሆንና በመጨረሻዋ ክንድ ርቀት ላይ ፈጣን መሆን አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ምት። ሂኮም፣ ሌላው ባላጋራው አኦሺም፣ ሶጂሮም ያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን የምናየው የሶጂሮ አለቃ የሆነው ሺሺዮ ጋ ስንደርስ ነው። ሺሺዮ የመጀመሪያውን መከተው። ሁላችንም በቃ አለቀ ያልንበት ቦታ ነው። ከዛ ማንጋው የሚሰጠን ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ የመጀመሪያው ምት ሲያልፍ አየሩን ገፍቶት ስለሚሄድ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ፣ ቫክዩም፣ ይፈጠራል፣ አየሩ ያንን ባዶ ለመሙላት ሲመለስ ባላጋራውን ይዞት ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ ኬንሺን ደግሞ በዛው ዙሮ፣ ሌላ እርምጃ ጨምሮ፣ ከመጀመሪያው የከበደ ሁለተኛ ምት ያሳርፋል።

ቫክዩሙን በቁጥር እንየው፣ ቁጥሩ ለክርክሩ ይጠቅማል። የጎራዴ ጫፍ በሰከንድ 30 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። በዛ ፍጥነት በፊቱና በኋላው የሚፈጠረው የአየር ግፊት ልዩነት 540 ፓስካል ገደማ ነው። የጎራዴው ውፍረት 7 ሚሊ ሜትር ቢሆን ርዝመቱ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር፣ መላው ብረት በጫፉ ፍጥነት ሄደ ብለን ብንቸረው እንኳ የምናገኘው ኃይል ከ3 ኒውተን አይዘልም፣ 300 ግራም የማይሞላ ክብደት እንደማለት። ሰው አይጎትትም፣ ቀሚስ ያውለበልብ ይሆናል።

"እሺ ኬንሺን ከሰው በላይ ነው፣ ጎራዴው ከድምጽ በላይ ይሄዳል" እንበል። ይሁን። ከጎራዴው ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍጹም ባዶ ቦታ ተፈጠረ እንበል። አየር ያንን ክፍተት በግምት በድምጽ ፍጥነት ነው የሚሞላው፣ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ፣ ስለዚህ ባዶው የሚቆየው ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሲሶ ላነሰ ጊዜ ነው። አሁን ደግሞ በጣም ቸር እንሁንና በዛ ሁሉ ጊዜ የአየር ግፊቱ በሙሉ ኃይሉ ሺሺዮን ከጀርባው ግማሽ ካሬ ሜትር ላይ ገፋው እንበል፣ ይሄ የ5 ቶን ክብደት የሚያህል ግፊት ነው፣ ሲሰሙት ያስፈራል። ግን ጊዜው በጣም አጭር ስለሆነ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዛ ግፊት የሚያተርፈው ፍጥነት በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሰው ዝግ ብሎ ሲራመድ እንኳ ከዛ ይፈጥናል። ሰውን ከቆመበት ነቅሎ ለመሳብ ግፊቱ መብዛቱ ብቻ አይበቃም፣ መቆየት አለበት፣ ቫክዩም ደግሞ የማይቆይ ነገር ነው።

ታዲያ ቫክዩሙ ውሸት ከሆነ ምቱ ውሸት ነው? አይደለም። ቫክዩሙ የመጣው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ለመድፈን ነው፣ ቀዳዳውን ካየነው ስለ ምቱ ብዙ እንማራለን። ኬንሺን የሚመታው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ ምቱ ካለፈ በኋላ በዛው አቅጣጫ ይዞራል። ሙሉ ዙር ነው የሚዞረው፣ እና በመሀል ላይ ጀርባው ወደ ባላጋራው ይሆናል። ዙሩ ግማሽ ሰከንድ ይፈጃል ብለን እንያዝ። ሰው አንድ ነገር አይቶ ለመንቀሳቀስ ከሰከንድ አምስተኛ እስከ ሩብ ገደማ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምት ያመለጠ ሰው የኬንሺንን ጀርባ አይቶ፣ ወስኖ፣ ወግቶ የሚተርፈው ጊዜ አለው። ይሄ ትንሽ ቀዳዳ አይደለም፣ የሚያስገድል ቀዳዳ ነው። ባላጋራው በዛ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር ሊይዘው ይገባል፣ ደራሲው አየር አድርጎታል።

እኔ ደግሞ አየሩን ብናወጣው እንኳ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ እላለሁ። ሺሺዮን አስቡት። መላ ሰውነቱ ተቃጥሎ ላብ የሚያወጣበት ስለሌለው ከ15 ደቂቃ በላይ መፋለም አይችልም፣ ያ ሰዓት አልፎበታል፣ በዛ ላይ ያንን የሚያህል ምት በጎራዴው መክቷል። እንዲህ ያለ ምት የመከተ ሰው ክንዱ ይደነዝዛል፣ ጎራዴው ከመስመሩ ተገፍቶ ወጥቷል፣ ክብደቱ ተረከዙ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ "አለቀ፣ የመጨረሻውን ምቱን አሳለፍኩት" የሚል ነገር አለ፣ እንዲህ ያለ ሰው መልስ ለመስጠት ወደፊት ነው የሚነሳው፣ ወደፊት ደግሞ ሁለተኛው ምት የሚያልፍበት ክልል ነው። ለእኔ ሺሺዮን የሳበው የራሱ ድል መስሎ የታየው ነገር ነው። ማንጋው የሚለው ይሄን አይደለም፣ ይሄ የኔ ንባብ ነው፣ ግን ስዕሉን ሳያበላሽ ይሰራል።

አሁን ወደ ግራ እግር ልመልሳችሁ። ቁሙና ቀኝ እግራችሁን አስቀድማችሁ ከግራ ወደ ቀኝ በኃይል ወንጭፉ፣ ከዛ በዛው አቅጣጫ መዞራችሁን ለመቀጠል ሞክሩ። ትንሽ እንደሄዳችሁ ዳሌያችሁ ይቆለፋል፣ ከፊት ያለው ቀኝ እግር በር ላይ እንደቆመ ሰው መንገዱን ይዘጋዋል፣ ለመቀጠል እግራችሁን ማንሳትና እንደገና ማስቀመጥ አለባችሁ፣ እሱ ደግሞ ጊዜ ነው። ግራ እግራችሁን አስቀድማችሁ ብትሞክሩት ግን ግራ ጎናችሁ አስቀድሞ ወደ ዙሩ አቅጣጫ ሄዷል፣ ግራ እግር ምሰሶ ይሆንና ቀኝ እግር በኋላ በኩል ተጠምዝዞ ይመጣል፣ ዙሩ ሳይቆራረጥ ያልቃል። ማለትም ያቺ ለመጀመሪያው ምት ፍጥነት ተጨመረች ተብላ የምትነገር እርምጃ ሁለተኛውን ምት ከመነሻው አዘጋጅታ ነው የምታርፈው። ኬንሺን የመጀመሪያው ምት መሳቱን ወይም መመከቱን አይቶ ሁለተኛውን ለመሰንዘር አይወስንም፣ ለመወሰንም ጊዜ የለውም፣ እግሩ ሲያርፍ ተወስኗል። ሁለቱን ምቶች "ዋናው" እና "መጠባበቂያው" ብሎ የሚከፍል ሰው ጋ የማልስማማው ለዚህ ነው፣ ለእኔ አንድ ምት ናቸው።

ይሄ ሀሳብ ደግሞ እዛው ማንጋ ውስጥ ሌላ ቦታም አለ፣ ሳይቶ ሀጂሜ ጋ። ሳይቶ በታሪክ የነበረ ሰው ነው፣ ለሾጉኑ መንግስት ይዋጋ የነበረው የሺንሰንጉሚ ጓድ የሶስተኛው ቡድን አለቃ ነበር፣ በኋላ ፉጂታ ጎሮ በሚል ስም ፖሊስ ሆኖ ሰርቶ በ1915 ነው ያረፈው። ማንጋው የሰጠው ጋቶትሱ በግራ እጅ ብቻ የሚወጋ ግስጋሴ ነው፣ ስር መሰረቱ ጎራዴውን አጋድሞ የመውጋት ዘዴ ነው። ለምን ይጋደማል? ውጊያው ቢስት ስለቱ አስቀድሞ ወደ ጎን ስለዞረ እዛው ላይ ወደ ጎን መቁረጥ ይሆናል። ባላጋራው ወደ ጎን ሸሽቶ ዳንኩ ሲል ስለቱ ይከተለዋል። አማካኬሩ በዙር የሚሰራውን ጋቶትሱ በብረቱ አያያዝ ነው የሚሰራው፣ ሁለቱም ስህተታቸውን አስቀድመው ያሰቡ ምቶች ናቸው። ልዩነታቸው ጋቶትሱ ጀርባውን አይሰጥም፣ ስለዚህ ቫክዩም አላስፈለገውም።

ሳካባቶው ራሱ ለባቶጁትሱ ይመቻል ወይ የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። አይመችም። መደበኛ ጎራዴ ሲመዘዝ ደነዙ ጀርባ ነው አፎቱ ላይ ተንሸራቶ የሚወጣው፣ ስለቱ እንጨቱን እንዳይነካ ተማሪዎች አጥብቀው የሚለማመዱት ነገር ነው፣ አለዚያ አፎቱን ይልጠዋል፣ ከባሰ አፎቱን የያዘውን ግራ እጅ ይቆርጣል። ሳካባቶ ላይ ግን በዛ በሚንሸራተተው በኩል ያለው ስለቱ ነው። ወይ እንጨቱን እየበላ ይወጣል ወይ ኬንሺን በየጊዜው ከፍ አድርጎ ሊያወጣው ይገባል፣ ሁለቱም ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሺንጌትሱ ላይ ሳካባቶው የተሰበረበትን ቦታ ስታነቡ ይሄንን ያዙ። ለእኔ ግራ እግር ይሄንንም ጉድለት የሚያካክስ ነው፣ ጎራዴው የነፈገውን አካሉ ይሰጠዋል።

ታዲያ ይሄን ምት እንዴት ነው የሚሸነፈው? መመከት መልስ አይደለም፣ ሺሺዮ አሳይቶናል። ወደ ኋላ ትንሽ ማለትም አይደለም፣ ግራ እግር ርቀቱን ይበላዋል። በጣም ርቆ መሄድ ይሰራል፣ ግን ኬንሺን ክልሉ ውስጥ ካልገባህ ስለማይሰነዝር ከመጀመሪያውኑ ምቱን አላየኸውም ማለት ነው። የሚቀረው ወደ ታች መውረድ ነው፣ ምቱ በወገብና በደረት ከፍታ አግድም ስለሚያልፍ ከስሩ ላለ ሰው ሁለቱም ዙር ከላይ ያልፋሉ፣ በዛ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ደግሞ የኬንሺን እግሮች ፊት ለፊቱ ናቸው። በኋላ ላይ ሌላው ባላጋራው ኤኒሺ የመረጠው መንገድ መሬት ላይ ዝቅ ማለት መሆኑ አይገርምም። የኬንሺን ድካምም ምሰሶው ላይ ነው፣ ዙሩ በአንድ ግራ እግር ላይ ነው የቆመው፣ እሱን የነካ ሰው ሁሉንም ነክቷል።

አንድ ነገር ብቻ አሁንም አልታረቀኝም። ማንጋው ሁለተኛው ምት ከመጀመሪያው ይከብዳል ይላል። ባላጋራው ጎንበስ ብሎ ወይም ሸሽቶ የመጀመሪያውን ቢያሳልፈው ይሄ ይገባኛል፣ ጎራዴው ምንም ነገር ስላልነካ የያዘውን ኃይል ይዞ ይዞራል፣ ዙሩና አዲሱ እርምጃ ተጨምረው ይከብዳል። ሺሺዮ ግን አልሸሸም፣ መከተው፣ ብረት ብረትን ሲመታ ኃይሉ እዛው ነው የሚቀረው፣ ጎራዴው ወደ ኋላ ሊመለስ ሁሉ ይችላል። ስለዚህ ከመከታ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛ ምት ከዜሮ ነው የሚነሳው፣ ያለውን ሁሉ የሚያገኘው በዳሌውና በአዲሱ እርምጃ ነው። ከዚህ ተነስቼ ሳየው ሁለተኛው ምት ሺሺዮን የጣለው ከብዶ አይመስለኝም፣ ጎራዴው አንድ በኩል ተገፍቶ እያለ በተከፈተው ደረቱ ስለገባ ነው። "ሁለተኛው ይከብዳል" የሚለውን የሚያምን ሰው የመጀመሪያው ምት የሺሺዮ ጎራዴ ላይ ካረፈ በኋላ ኃይሉ ከየት እንደሚመጣ ሊያሳየኝ ይገባል፣ ሲያሳየኝም ከእግሩ እንዲጀምርልኝ ነው የምፈልገው።